ኤሊዎቹ መቼ ይወጣሉ? የኮስታሪካን ጉዞ በእንስሳቱ ወቅት ስለማቀድ

ወደ ኮስታሪካ ለመሄድ ያሰበ ሰው ምክር ሲጠይቀኝ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያሳየኝ ካርታ ነው። በካርታው ላይ እሳተ ገሞራው፣ የደመና ደኑ፣ የካሪቢያን ዳርቻ፣ የፓስፊክ ዳርቻና ሌሎች ብሔራዊ ፓርኮች ምልክት ተደርጎባቸዋል፤ ጥያቄውም እነዚህን ሁሉ በሁለት ሳምንት ውስጥ በምን ቅደም ተከተል ማዳረስ እንደሚሻል ነው። እኔ ግን መልሼ የምጠይቀው ከሁሉ አብልጠው ማየት የሚፈልጉት እንስሳ የትኛው እንደሆነ፣ ያ እንስሳ ደግሞ በየትኛው ወር የት እንደሚገኝ ያውቁ እንደሆነ ነው። ይህ ጥያቄ ሲመለስ ከካርታው ላይ ግማሹ ምልክት በራሱ ይጠፋል፤ የቀረው ግማሽ እውነተኛ ጉዞ ይሆናል።

በተጓዡ ፍላጎት ልክ የሚዘጋጅ ጉዞ ሲባል ብዙዎች የሚረዱት የሆቴሉን ደረጃ፣ የመኪናውን ዓይነትና የሚቆዩበትን ሌሊት ብዛት ራስ መምረጥን ነው። እነዚህ ምርጫዎች ምቾትን ይጨምራሉ፤ ነገር ግን ሁለት ፈጽሞ የማይመሳሰሉ ሰዎች በዚህ መንገድ መርጠው አንድ ዓይነት ጉዞ ሊሄዱ ይችላሉ፤ በአንድ ድልድይ ላይ ቆመው አንድ ዓይነት ፎቶግራፍ ያነሳሉ። ጉዞን የራስ የሚያደርገው ከምንወደው ነገር ተነስቶ ቀኑንና ሰዓቱን ማደላደል ነው። የዱር እንስሳት ባሉበት አገር ይህ ማለት የእነርሱን የመራቢያ፣ የመሰደጃና የመመገቢያ ጊዜ አውቆ የራስን ጊዜ ለዚያ ማስገዛት ነው፤ እነርሱ ለእኛ የእረፍት ፈቃድ ብለው ወቅታቸውን አይለውጡምና።

ኮስታሪካ ለዚህ ዓይነቱ አስተሳሰብ የምትመች አገር ናት። የቆዳ ስፋቷ 51,100 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ በአንድ ወገን የካሪቢያን ባሕር፣ በሌላው ወገን የፓስፊክ ውቅያኖስ ያዋስኗታል፤ በመካከሏ ከሰሜን ምዕራብ ወደ ደቡብ ምሥራቅ የተራራ ሰንሰለት ተዘርግቷል፤ ከፍተኛው ጫፍ ቺሪፖ 3,820 ሜትር ይደርሳል። ከባሕር ጠረፍ ተነስቶ እስከ ቀዝቃዛው ከፍታ ድረስ ሙቀቱም ዝናቡም ዛፉም ስለሚለዋወጥ፣ የደን ተመራማሪው ሌስሊ ሆልድሪጅ ባወጣው አከፋፈል መሠረት አገሪቱ 12 የሕይወት ቀጣናዎች አሏት። ከ900 በላይ የወፍ ዝርያዎች የተመዘገቡባት በዚህ ምክንያት ነው። ከመሬቷም ሩብ ያህሉ በተለያየ ደረጃ ጥበቃ የሚደረግለት ነው። አገሪቱ ትንሽ መሆኗ ግን ተጓዦችን ያታልላል፤ ትንሽ ስለሆነች ሁሉን ማየት የሚቻል ይመስላቸዋል።

የአገሪቱ የአየር ጠባይ በመጽሔቶች ላይ ሲጻፍ በጣም ቀላል ተደርጎ ነው፦ ከዲሴምበር እስከ ኤፕሪል በጋ፣ ከሜይ እስከ ኖቬምበር ክረምት። ይህ ለፓስፊክ ወገንና ለመካከለኛው ሸለቆ በአመዛኙ እውነት ነው፤ ለካሪቢያን ወገን ግን አይሠራም። ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስ ከካሪቢያን ባሕር እርጥበት እየጫነ ይመጣና ተራራው ሲያግደው ዝናቡን በምሥራቁ ተዳፋት ላይ ያራግፋል፤ ተራራውን ተሻግሮ ወደ ፓስፊክ ሲወርድ ደረቅ ሆኗል። ስለዚህ በጃንዋሪ በሰሜን ምዕራብ ባለው ጓናካስቴ ሣሩ ቢጫ ሆኖ ሳለ በካሪቢያን ዳርቻ ባለው በቶርቱጌሮ ዝናብ ሊወርድ ይችላል። በሴፕቴምበርና በኦክቶበር ነገሩ ይገለበጣል፤ ያ ነፋስ ሲዳከም የፓስፊክ ወገን የዓመቱን ከባድ ዝናብ ይቀበላል፤ የካሪቢያን ወገን ግን በአንጻሩ ጋብ ይላል፤ ባሕሩም ይረጋል። በጁላይ ደግሞ በፓስፊክ በኩል ዝናቡ ለጥቂት ጊዜ ፋታ ይሰጣል፤ የአገሩ ሰዎች ይህንን ጊዜ ቬራኒዮ ይሉታል። የጉዞ አዘጋጅ ይህን ልዩነት ሳያነሳ «መልካሙ ጊዜ ጃንዋሪ ነው» ካለ፣ ለማን መልካም እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው።

በዚህ የአየር ጠባይ ላይ የእንስሳቱ ወቅት ይደረባል። አረንጓዴው የባሕር ኤሊ በቶርቱጌሮ ዳርቻ እንቁላሉን የሚጥለው በዋናነት ከጁላይ እስከ ኦክቶበር ነው። ከኤሊዎች ሁሉ ግዙፉ ሌዘርባክ በፓስፊክ በኩል በፕላያ ግራንዴ የሚወጣው ከኦክቶበር እስከ ማርች ሲሆን፣ ቁጥሩ ካለፈው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ወዲህ ከ90 በመቶ በላይ በማሽቆልቆሉ እርሱን አያለሁ ብሎ መሄድ ተስፋን ማሳነስ የሚጠይቅ ጉዳይ ሆኗል። ኦሊቭ ሪድሊ የተባሉት ትናንሾቹ ኤሊዎች በኦስቲዮናል የሚወጡት በጅምላ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ጨረቃ ወደ መጥፊያዋ ስትቃረብ በጥቂት ሌሊቶች ውስጥ እልፍ አእላፍ ሆነው ዳርቻውን ይሞሉታል፤ ትልልቆቹ መውጫዎች ከኦገስት እስከ ኖቬምበር ባለው ጊዜ ይበዛሉ። ኬትሳል የተባለው ረጅም አረንጓዴ ጭራ ያለው ወፍ ደግሞ ጥንድ ሆኖ ጎጆ የሚሠራው በቀዝቃዛው ከፍታ፣ በሳን ሄራርዶ ደ ዶታ አካባቢ ባሉ ደኖች፣ ከማርች እስከ ጁን ገደማ ነው። ሃምፕባክ ዓሣ ነባሪዎች በኡቪታ ፊት ለፊት ባለው ባሕር በዓመት በሁለት ወቅት ይታያሉ፤ ከሰሜኑ የሚመጡት ከዲሴምበር ጀምሮ፣ ከአንታርክቲካ አቅጣጫ የሚመጡትና በብዛት የሚበልጡት ከጁላይ መገባደጃ እስከ ኦክቶበር።

ይህን ሁሉ ጎን ለጎን አስቀምጦ ያየ ሰው ሁሉንም በአንድ ጉዞ ማየት እንደማይቻል ወዲያው ይገነዘባል። ከታላቅ እህቴ ጋር ጉዟችንን ማቀድ ስንጀምር የገጠመን ነገር ይኸው ነበር። እርሷ ከልጅነቷ ጀምሮ የምትመኘው የባሕር ኤሊ በሌሊት ከውኃ ሲወጣ ማየት ነው፤ እኔ ደግሞ ኬትሳልን ሳላይ መመለስ አልፈልግም ነበር። የእኔ ወፍ ኤፕሪልን ይፈልጋል፤ የእርሷ ኤሊ ሴፕቴምበርን። ሳንስማማ ጥቂት ቆየን፤ በጁን መጨረሻ ብንሄድ ሁለቱንም ልናገኝ እንችል ይሆናል የሚል ሐሳብም አነሳሁ። እርሷ ግን የጻፍኳቸውን ወሮች አንድ በአንድ ከተመለከተች በኋላ «ወንድሜ፣ ጁን ላይ ከሄድን አንተም ወፉን ጎጆው ላይ አታገኘውም፣ እኔም ኤሊዬን ቀድሜያት እሄዳለሁ፤ አንዱን እንምረጥና ለእርሱ ሙሉ ጊዜ እንስጠው» አለችኝ። «እሺ እትዬ፣ ኤሊዋ ትቅደም፤ ወፉ ለሌላ ጊዜ ይቆየኝ» አልኳት። በዚህች ቀን ከወሰንነው ውሳኔ በኋላ የቀረው ዕቅድ ሁሉ ቀላል ሆነ፤ የሴፕቴምበር መጀመሪያ ተመረጠ፤ በዚያ ጊዜ ካሪቢያን መረጋጋት ይጀምራል፣ ኤሊዎቹ በብዛት ይወጣሉ፣ በፓስፊክ በኩል ዓሣ ነባሪዎቹ ገብተዋል። የከፍታ ደኖቹን፣ ሞንቴቬርዴን ጭምር፣ ከመርሐ ግብሩ አወጣናቸው።

ሞንቴቬርዴን መተው ከባድ ነበር፤ ታሪኩን ስለምወደው ይህችን ያህል እላለሁ። በ1951 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካ አላባማ የመጡ፣ ጦርነትን የሚቃወሙ ኩዌከር የተባሉ ክርስቲያኖች በዚያ ተራራ ላይ ሰፈሩ፤ ከመካከላቸው ለጦርነት አንመለመልም በማለታቸው የታሰሩ ሰዎች ነበሩ፤ የመረጧትም አገር በ1948 እ.ኤ.አ. ሠራዊቷን የበተነች አገር ነበረች። ለከብት እርባታ ደን ሲመነጥሩ የወንዛቸውን ምንጭ የሚጠብቀውን የላይኛውን ደን ሳይነኩ ተዉት፤ ጥብቅ ቦታው በ1972 እ.ኤ.አ. ሲመሠረት ያ ደን ከመነሻዎቹ አንዱ ሆነ። በ1987 እ.ኤ.አ. ደግሞ የስዊድን ተማሪዎች ገንዘብ አሰባስበው በአጠገቡ መሬት እንዲገዛ አደረጉ፤ ዛሬ የልጆች ዘላለማዊ ደን የሚባለው ይህ ቦታ ከ22,000 ሄክታር በላይ ሆኖ በአገሪቱ ካሉ የግል ጥብቅ ቦታዎች ትልቁ ነው። ወርቃማው የሞንቴቬርዴ ጉርጥ ግን ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በ1989 እ.ኤ.አ. ነው፤ የትኛውም ወቅት ተመርጦ ቢኬድ ከእንግዲህ አይገኝም።

ወደ ቶርቱጌሮ በመኪና አይገባም። መንገዱ ላ ፓቮና ላይ ያበቃል፤ ከዚያ በጀልባ በወንዙና በቦዩ አንድ ሰዓት ገደማ ይኬዳል። ይህ ጉዞ ራሱ የሚቸኮልበት አይደለም፤ ኬይማን የተባሉት አነስተኛ የአዞ ዘመዶች በዳርቻው ጭቃ ላይ ተጋድመው፣ ሽመላዎች በቅርንጫፍ ላይ ቆመው፣ ሃውለር የተባሉት ጦጣዎች ከሩቅ እያገሱ ያልፋል። መንደሯ በቦዩና በባሕሩ መካከል ባለች ጠባብ የአሸዋ መሬት ላይ የተቀመጠች ስትሆን፣ ዳርቻዋ በምዕራቡ የዓለም ክፍል አረንጓዴ ኤሊዎች በብዛት እንቁላል የሚጥሉበት ስፍራ ነው። አሜሪካዊው የእንስሳት ተመራማሪ አርቺ ካር ከ1950ዎቹ ጀምሮ እዚህ እየተመላለሰ ኤሊዎችን ምልክት እያሰረ ባያጠና ኖሮ፣ እነዚህ ኤሊዎች ለሾርባና ለቆዳ ታድነው ባለቁ ነበር ብል ማጋነን አይመስለኝም።

የሌሊቱን ሥርዓት አስቀድሞ ማወቅ ለዕቅዱ አስፈላጊ ነው። በወቅቱ ዳርቻው ማታ ለማንም ክፍት አይደለም፤ የሚገባው ፈቃድ ካለው አስጎብኚ ጋር ብቻ ነው፤ አንድ አስጎብኚ ከ10 በላይ ሰው አይዝም፤ ካሜራና ስልክ ማውጣት የተከለከለ ነው፤ ልብስም ጥቁር ወይም ደብዛዛ እንዲሆን ይመከራል። ጎብኚዎች በሁለት ዙር ይገባሉ፤ አንደኛው ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት፣ ሁለተኛው ከ4 ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት። የዙሩ ድልድል በዚያው ቀን ስለሚታወቅ ለማግሥቱ ማለዳ ሌላ ፕሮግራም አለመያዝ ይበጃል። ሰዎች በዳርቻው ላይ እየተራወጡ ኤሊ እንዳይፈልጉና እንዳያስበረግጉ፣ የአካባቢው ጠባቂዎች ብቻ እየቃኙ እንቁላል መጣል የጀመረች ኤሊ ሲያገኙ ለአስጎብኚዎቹ ያስታውቃሉ፤ ጎብኚዎች እስከዚያ ከዳርቻው ጀርባ በጨለማ ቆመው ይጠብቃሉ። አንዳንዴ መጠበቁ ረጅም ነው፤ አንዳንዴም ኤሊ ሳይወጣ ሰዓቱ ያልቃል። በቶርቱጌሮ ከአንድ ሌሊት በላይ ማደር አለባችሁ ብዬ ሁልጊዜ የምወተውተው በዚህ ምክንያት ነው፤ አንድ ሌሊት ብቻ የመደበ ሰው ሕልሙን ለዕድል አሳልፎ ሰጥቷል።

አስጎብኚያችን በዕድሜ ጠና ያሉ፣ በዚያው መንደር ተወልደው ያደጉ ሴት ነበሩ። ኤሊዋ ጉድጓዷን በኋላ እግሮቿ እየቆፈረች ሳለ እንድንቀርብ አልፈቀዱልንም፤ በዚያ ሰዓት ከተረበሸች ሳትጥል ወደ ባሕር ትመለሳለች። እንቁላሉ መውረድ ከጀመረ በኋላ ግን አካሏ በዚያ ሥራ ላይ ስለሚጠመድ በዙሪያዋ ያለውን እምብዛም አትከታተልም፤ ያን ጊዜ ነው በቀይ መብራት ከኋላዋ ያሳዩን። አንዲት ኤሊ በአንድ ጊዜ መቶ ገደማ እንቁላል ትጥላለች፤ በአንድ ወቅት ውስጥም ደጋግማ ትወጣለች፤ ከዚያ በኋላ ግን ለሁለት ወይም ለሦስት ዓመት ላትመለስ ትችላለች። ከእንቁላሉ የሚወጣው ወንድ ይሁን ሴት የሚወስነው የአሸዋው ሙቀት ነው፤ ሞቅ ያለው አሸዋ ሴት ያወጣል። እህቴ አጠገቤ ቆማ ያለቀሰችው አስጎብኚያችን ይህን እየነገሩን ሳለ ነበር። ካሜራ መከልከሉ ያስቆጣቸው ጎብኚዎች እንዳሉ ሰምቻለሁ፤ እኔ ግን ክልከላውን አመሰግናለሁ። በእጃችን ምንም ባለመኖሩ ሁላችንም የምናየው ኤሊዋን ብቻ ነበር።

ስለ መንገድ ጥቂት ማለት አለብኝ፤ ብዙ ዕቅድ የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነውና። በኮስታሪካ ርቀትን በኪሎ ሜትር መገመት አያዋጣም፤ በሰዓት ነው መገመት ያለበት። ከላ ፎርቱና ወደ ሞንቴቬርዴ በቀጥታ መስመር ቢለካ ቅርብ ነው፤ ነገር ግን መንገዱ የአሬናልን ሐይቅ ዞሮ ተራራ ስለሚወጣ ከሦስት ሰዓት በላይ ይወስዳል፤ ብዙዎች ሐይቁን በጀልባ ማቋረጥን የሚመርጡት ለዚህ ነው። ከዋና ከተማዋ ከሳን ሆሴ ወደ ካሪቢያን የሚወስደው 32 ቁጥር መንገድ በብራውሊዮ ካሪዮ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ሲያልፍ በዝናብ ወቅት በመሬት መንሸራተት ይዘጋል። በደቡብ ፓስፊክ ዳርቻ ባለው በኦሳ ልሳነ ምድር ደግሞ ድልድይ የሌላቸው ወንዞች አሉ፤ ከዝናብ በኋላ መኪና አያሻግሩም። ሌሊት መንዳት አይመከርም፤ ፀሐይ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ከምሽቱ 12 ሰዓት አካባቢ ትጠልቃለች። ይህ ሁሉ ሲደመር፣ ቦታ የቀየሩበት ቀን ለእንስሳት የማይሆን ቀን ነው ማለት ይቻላል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሦስት ቦታ በቂ ነው፤ አራት ከሆነ አንዱ በአጭር መንገድ ላይ መሆን አለበት፤ ስድስት ከሆነ ግን የሚታየው የመኪና መስኮት ነው።

ሁለተኛው ቦታችን በሰሜኑ ቆላ የሚገኘው የሳራፒኪ አካባቢ ነበር፤ ከቶርቱጌሮ ብዙም ስለማይርቅ የጉዞ ቀኑን ያሳጥራል። እዚያ የላ ሴልቫ የምርምር ጣቢያ አለ። ሆልድሪጅ በ1953 እ.ኤ.አ. ገዝቶ በ1968 እ.ኤ.አ. ለትሮፒካል ጥናት ድርጅት የሸጠው መሬት ሲሆን፣ ዛሬ ከ1,500 ሄክታር በላይ ይሸፍናል፤ ጎብኚዎችም ከአስጎብኚ ጋር ይገቡበታል። ይህን ቦታ የምወደው ትንሹን ነገር ስለሚያስተምር ነው። የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል፣ ገላዋ ቀይ፣ እግሮቿ ሰማያዊ የሆኑ መርዛማ እንቁራሪት በወደቀ ቅጠል ላይ ስትዘል ታያላችሁ፤ እናቲቱ ከእንቁላል የወጡ ልጆቿን በጀርባዋ አዝላ ዛፍ ላይ ወደሚገኝ በቅጠል መሃል የተጠራቀመ ውኃ ታደርሳቸዋለች፤ እየተመላለሰችም ያልዳበረ እንቁላል ጥላ ትመግባቸዋለች። ጃጓር ፍለጋ አገር አቋርጦ የመጣ ሰው ይህችን እንቁራሪት ለማየት ተንበርክኮ ጊዜ ካልሰጠ፣ ጫካው የሰጠውን አብዛኛውን ነገር ሳይቀበል ያልፋል።

ሦስተኛው ቦታ ኦሳ ነበር። በዚያ ያለው ኮርኮቫዶ ብሔራዊ ፓርክ በ1975 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ ሲሆን፣ የፓስፊክ ቆላ የዝናብ ደን በሰፊው ከተረፈባቸው ጥቂት ስፍራዎች አንዱ ነው። በኮስታሪካ የሚገኙት አራቱም የጦጣ ዝርያዎች አሉበት፤ አፍንጫው እንደ አጭር ኩምቢ የሆነው ታፒር፣ ቀይ ማካው የተባለው ትልቅ በቀቀን፣ ፑማና ጃጓርም ይኖሩበታል። ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ፈቃድ ያለው አስጎብኚ መግባት አይቻልም። ይህን ሕግ አንዳንዶች እንደ ተጨማሪ ወጪ ያዩታል፤ እኔ ግን ሕጉ ባይኖር እንኳ ለአስጎብኚ የሚወጣው ገንዘብ በጉዞው ውስጥ ከሚወጣው ሁሉ የተሻለ ጥቅም ያለው ነው እላለሁ። በዝናብ ደን ውስጥ እንስሳ የሚገኘው በድምፅ፣ በሽታ፣ በወደቀ ፍሬና በተሰበረ ቅርንጫፍ ነው፤ ይህን ለማንበብ ዓመታት ያስፈልጋሉ። ስሎዝ የተባለው ቀርፋፋ እንስሳ በዛፍ ጫፍ ላይ ተኮማትሮ ሲቀመጥ፣ ፀጉሩ ላይ አልጌ ስለሚበቅል ከግንዱና ከቅጠሉ አይለይም፤ ባልሠለጠነ ዓይን በሥሩ አሥር ጊዜ ቢታለፍ አይታይም። አስጎብኚው ቴሌስኮፑን በሦስት እግሩ አቁሞ ሲያስተካክልላችሁ ግን ጥፍሩን ሳይቀር ትቆጥራላችሁ።

ስለዚህ ዕቅድ ስታወጡ ለክፍሉ ስፋት ከምትከፍሉት ቀንሳችሁ ለአስጎብኚው ጨምሩ። ከብዙ ሰው ጋር የሚደረግን ጉብኝት በአነስተኛ ቡድን ቀይሩት። ጊዜውንም ማለዳ አድርጉት፤ በዝናብ ወቅት ጠዋቱ ብዙ ጊዜ ብሩህ ሆኖ ዝናቡ ከሰዓት በኋላ ስለሚመጣ፣ ወፎችም በንጋት ላይ ስለሚበዙ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል መንገድ ላይ መገኘት ከሁለት ሰዓት እንቅልፍ ይበልጣል። ከሰዓት በኋላውን ባዶ ተዉት። ባዶ ጊዜ ለእንስሳት ጉዞ ትርፍ ነገር አይደለም፤ እኛ ያየናቸው ታፒሮች የተገኙት ምንም ባልታቀደበት ሰዓት፣ በወንዝ አፍ ዳር ዝም ብለን በተቀመጥንበት ነው።

የጉዞ አዘጋጅ ስትመርጡ የምትጠይቁት ጥያቄ የሰውየውን ዕውቀት ይገልጥላችኋል። እኔ የምጠይቀው በዚያ ወር ምን ማየት እንደማልችል ነው። እውነተኛ ባለሙያ ያለማመንታት ይዘረዝራል፤ «ሁሉም ይታያል» የሚል ሰው ግን ወይ አያውቅም፣ ወይ አይጨነቅም። ቀጥሎ የማረፊያው ባለቤት ማን እንደሆነ፣ አስጎብኚዎቹ የአካባቢው ተወላጆች መሆናቸውን፣ ማረፊያው በ1997 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የአገሪቱ የዘላቂ ቱሪዝም ምስክር ወረቀት ያለው መሆኑን እጠይቃለሁ። ይህ ለአገሪቱ ደን የሚያመጣው ለውጥ ቀላል አይደለም። በ1980ዎቹ የኮስታሪካ ደን ለከብት ግጦሽ እየተመነጠረ ከመሬቷ ሩብ ገደማ ላይ ደርሶ ነበር፤ በ1996 እ.ኤ.አ. የወጣው የደን ሕግ የተፈጥሮ ደንን ወደ ሌላ አገልግሎት መቀየርን ከለከለ፤ ከነዳጅ ግብር በሚገኝ ገንዘብም ደናቸውን ለሚጠብቁ ባለመሬቶች ክፍያ ጀመረ። ዛሬ ደኑ ከአገሪቱ ከግማሽ በላይ ይሸፍናል። አንድ ገበሬ ዛፉን ባለመቁረጡ የሚያገኘው ገቢ ከዚህ ክፍያና ጎብኚ ከሚያመጣው ገንዘብ ነው፤ ስለዚህ ገንዘባችን በማን እጅ እንደሚገባ መጠየቅ የጉዞው አካል ነው።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር አጥብቄ እላለሁ። ስሎዝ አቅፎ ፎቶ መነሳት፣ ጦጣ በሙዝ ማባበል፣ አዞ በሥጋ መጥራት በየትኛውም መርሐ ግብር ላይ ካያችሁ ያንን መርሐ ግብር ተዉት። የታቀፈ ስሎዝ ዝም ማለቱ ደስ ስላለው አይደለም፤ ሲፈራም ዝም ነው የሚለው። በሰው እጅ መብላት የለመደች ጦጣም መንከስን ትማራለች፣ በሽታም ይጋባባታል። የአገሪቱ መንግሥት በ2019 እ.ኤ.አ. ጎብኚዎች ከዱር እንስሳት ጋር እየተጠጉ ራሳቸውን ፎቶ እንዳያነሱ ዘመቻ አካሂዷል። የተጎዱ እንስሳትን የሚያክም ማዕከል መጎብኘት መልካም ነው፤ መለያው ግን እንስሳውን ለመንካት የማይፈቅድና ያገገመውን ወደ ዱር የሚመልስ መሆኑ ነው።

የቀሩት ነገሮች አጭር ናቸው። ገንዘቡ ኮሎን ነው፤ በቱሪስት ቦታዎች የአሜሪካ ዶላር ይቀበላሉ፣ ለትናንሽ ክፍያዎች ግን ኮሎን መያዝ ይሻላል። በምግብ ቤት ሒሳብ ላይ 13 በመቶ ግብርና 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ይታሰባል። መኪና ስትከራዩ በኢንተርኔት ላይ የሚታየው ዝቅተኛ ዋጋ ብዙ ጊዜ በሕግ የግድ የሆነውን የሦስተኛ ወገን መድን ስለማያካትት ሙሉ ሒሳቡን በጽሑፍ ጠይቁ። እንደ ማኑኤል አንቶኒዮ ያሉ ፓርኮች የመግቢያ ትኬት አስቀድሞ በኢንተርኔት ይገዛል፤ ፓርኩ በሳምንት አንድ ቀን ስለሚዘጋ ቀኑን ከመወሰን በፊት ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ቢጫ ወባ ካለባቸው አገሮች ለሚመጡ መንገደኞች የክትባት ምስክር ወረቀት ይጠየቃል፤ ክትባቱም ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን በፊት መወሰድ አለበት። ፈጥኖ የሚደርቅ ልብስ፣ ጥሩ ባይናኩላርና ውኃ የማያስገባ ከረጢት ያዙ፤ የጎማ ቦቲ ማረፊያዎቹ ብዙ ጊዜ ያውሳሉ።

ከኦሳ ወደ ሳን ሆሴ በትንሽ አውሮፕላን መመለስ ረጅሙን የመኪና መንገድ ያስቀራል፤ የሻንጣው ክብደት ግን የተወሰነ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ደመናው ስለሚከብድም የጠዋቱን በረራ መያዝ ይሻላል። ጠዋትም ቢሆን ዝናብ በረራውን ሊያዘገይ ስለሚችል፣ ዓለም አቀፉ በረራችሁ በዚያው ቀን እንዳይሆን አድርጉ። የመጨረሻዋን ሌሊት ሁዋን ሳንታማሪያ አውሮፕላን ማረፊያ ባለበት በአላሁዌላ ማደር የተሻለ ነው፤ ከከተማው ጫፍ የቡና እርሻ አጠገብ ያሉ ማረፊያዎች ስላሉም ጠዋት በግቢው ዛፎች ላይ ወፍ ለማየት ጊዜ ይተርፋል።